ውርጩ ምን በደለ?

«ብርዱ ነዋ!» ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ለምን በብስክሌት ወደ ሥራው እንደማይሄድ ለሚጠይቅ ሁሉ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። ጠያቂው ትንሽ ገፋ ካደረገ «በዚህ ውርጭ? ምን ቆርጦኝ!» ይባልና ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል። ይኸው ብርድ ፈሪ ዘመድ ጥየቃ ጣርማበርን ተሻግሮ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ደግሞ ሰበቡ ልብሱን ቀይሮ ይጠብቀዋል። እዚያ ጥፋተኛው ፀሐዩ ነው። ደብረ ሲና ላይ ቁልቁለቱ፣ አዲስ አበባ ላይ የመኪናው ብዛት ነው። ከደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ወደ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር፣ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ፣ የአየሩ ጠባይ ከዳር እስከ ዳር ይገለበጣል። የማይገለበጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብስክሌት አለመንዳታችን።

ብርዱም ሙቀቱም እኩል የሚከለክሉት ነገር ካለ፣ ከልካዩ ብርዱም ሙቀቱም አይደለም ማለት ነው። ያገሬ ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው እንዲህ ያለውን ነገር ነው። ዳውላው ሲደበደብ ኖሯል፤ ዛሬ እስቲ ስለ አህያው እንነጋገር።

ይህን የምለው ደጋ ተወልጄ ብርድ ስለማይገባኝ እንዳይመስላችሁ። ትውልዴ ማጀቴ ነው፤ ከካራቆሬ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ያለችው ማጀቴ። ማጀቴን ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ምድር አንቀጥቅጦ አፈራርሷታል፤ ብርድ ግን አንቀጥቅጧት አያውቅም። እኛ ቆለኞች ደብረ ብርሃን ስንመደብ እንደ ግዞተኛ ነው የምንለቀሰው። እናቶቻችን ጋቢ ደርበው፣ በጋቢው ላይ ምክር ጨምረው ይሸኙናል። እንግዲህ ብርድን ሰበብ ለማድረግ ከእኔ የተሻለ መብት ያለው ሰው አይገኝም። እኔ ግን ኅዳርና ታኅሣሥን ጨምሮ ወደ ሥራዬ የምሄደው በብስክሌት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ብርዱ ራሱ፤ የምንከስሰውን ተከሳሽ በደንብ አናውቀውምና። የፈረንጅ መጻሕፍት የሚተረጉሙልን ሰዎች በረዶ የሚወርድበትን የእነሱን ወቅት «ክረምት» እያሉ ይጽፉልናል። (አልወቅሳቸውም፤ ሌላ ምን ይበሉ?) አንባቢውም ክረምት ሲባል ሐምሌን፣ ጭቃውንና ዶፉን እያሰበ ያነባል። የእኛ ብርድ ግን የሚመጣው በበጋ ነው። ነገሩ ቀላል ነው፤ ደመና ለምድር ጋቢዋ ነው። በክረምት ምድር ቀን የሞቀችውን ሌሊት ደመናው ይዞ ያቆይላታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራ፣ አየሩም ሲደርቅ፣ ጋቢው ተገፎ መሬቱ ሙቀቱን ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰማይ ሲለቅ ያድራል። የቀዘቀዘው አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ሜዳ ይፈስሳል፤ በበሬሳ ዳር ያለው ሜዳ ነጭ ሆኖ የሚያድረው ለዚህ ነው። ሙቀት መለኪያው ከዜሮ በታች የሚወርድባቸው ማለዳዎች አሉ። ይህን ማንም አይክድም።

ነገር ግን ሁለት ነገሮች ልብ ይባሉ። አንደኛ፣ ይህ ብርድ የሰዓታት ብርድ ነው። የሚብሰው ፀሐይ ልትወጣ ስትል፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ካፖርት ይከፈታል፤ አራት ሰዓት ላይ ካፖርቱ ክንድ ላይ ነው፤ ቀትር ላይ ሰው ጥላ ይፈልጋል። ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል፤ መንገዱ ደረቅ ነው። ውርጩ ሣሩ ላይ፣ የባቄላው ማሳ ላይ፣ የብስክሌቱ ኮርቻ ላይ ይቀመጣል እንጂ አስፋልቱን መስተዋት አያደርገውም። ብስክሌት ነጂን የሚጥለው ብርድ ሳይሆን የሚያንሸራትት መንገድ ነው፤ ይህን ደግሞ ታኅሣሥ አያመጣብንም። እውነቱን ለመናገር ለብስክሌት የሚከብደው የእኛው ክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ስለ ሐምሌ የሚያማርር ሰው ቢመጣ ቁጭ ብዬ አዳምጠዋለሁ። እስካሁን የመጣ የለም፤ ሁሉም የሚያወራው ስለ ታኅሣሥ ነው።

በፊንላንድ ኦሉ የምትባል ከተማ አለች። ከምድር ሰቅ ወደ ሰሜን 65 ዲግሪ ላይ፣ ለዋልታው ክበብ ጥቂት ሲቀር ያለች ናት። በጥር ወር ከዜሮ በታች አሥርና ከዚያ በላይ መውረድ ለእሷ ወሬ አይደለም፤ በታኅሣሥ ፀሐይን የምታየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። በዚያ ጨለማና በረዶ ውስጥ ልጆች በብስክሌት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ሽማግሌዎች በብስክሌት ገበያ ይወጣሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የዓለም የክረምት ብስክሌት ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደውም እዚያው ነው። የኦሉ ሰዎች ከእኛ የተለየ ሥጋ የለበሱ ሆነው ነውን? አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱ በመላ ከተማዋ ከመኪናው መንገድ የተለየ የብስክሌት መንገድ ዘርግቶላቸዋል፤ መብራት ተክሎላቸዋል፤ በረዶ ሲጥል ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በፊት የዋናዎቹን የብስክሌት መንገዶች በረዶ ይጠርጋል። ጀግናው ነጂው ሳይሆን ጠራጊው ነው።

የእኛ ደብረ ብርሃን በረዶ የሚጠርግ መኪና አያስፈልጋትም። ፀሐይ በነፃ ትጠርግላታለች።

ብርዱ ምንም አይደለም እያልኩ አይደለም። ዜሮ ዲግሪ በሆነ አየር ውስጥ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ፊቱ ላይ የሚሰማው ከዜሮ በታች 5 ያህል ነው፤ ነፋሱን የሚፈጥረው ራሱ ነውና። ነገር ግን ሌላው ወገን የሚረሳው ሂሳብ አለ። ሰው ፔዳል ሲረግጥ ከሚያወጣው ጉልበት ወደ ጎማው የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሦስት እጁ ሙቀት ሆኖ በገላው ውስጥ ይቀራል። ብስክሌት ነጂ በራሱ ምድጃ ነው። እስቲ ከዚህ ሰው ጋር ባጃጅ የተሳፈረውን አወዳድሩት። ባጃጅ በሩ ሸራ ነው፤ አንዳንዱማ ሸራም የለው። ተሳፋሪው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚመጣውን ነፋስ እጁን አጣምሮ፣ ምንም ሙቀት ሳያመነጭ ይቀበላል። ከዚያ በፊት ደግሞ ሃያ ደቂቃ ቆሞ ጠብቋል። ከሁለቱ ማን እንደሚበርደው ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። «ብርዱ ነዋ!» የሚለኝ ጎረቤቴ መሥሪያ ቤት ሲደርስ አፍንጫው ቀልቶ እጁን ሻይ ብርጭቆ ላይ ያሞቃል፤ እኔ ኮቴን እሰቅላለሁ።

አሠራሩን ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ፤ ምስጢር የለውም። ዋናው እጅ ነው። ጣት ሲደነዝዝ ፍሬኑን ምን ያህል እንደጨበጡት አይታወቅም፤ አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ከኮት በፊት የእጅ ሹራብ ይገዛል። የመንዝ በግ ጠጉር ባና ሆኖ ስንቱን ትውልድ ከብርድ አሳድሯል፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካዋም ስሟን ያስጠራላት ደብረ ብርሃን ናት። በዚህ ሁሉ ሱፍ መካከል የእጅ ሹራብ ከውጭ አገር የሚመጣ ሸቀጥ መሆኑ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። ከእጅ ቀጥሎ ጆሮ፣ ከጆሮ ቀጥሎ ደረት ነው። በድሮ ጊዜ የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ተራራ ላይ ደርሰው ቁልቁል ሲለቁ ጋዜጣ ከሸሚዛቸው ሥር ይከቱ ነበር፤ ወረቀት ነፋስ አያሳልፍምና። እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል። ገጹ ሰፋ ያለ ጋዜጣ ይመረጣል። የትኛው እንደሆነ ለአንባቢ ትቼዋለሁ።

ጋቢ ለብሶ ብስክሌት አይነዳም፤ ጫፉ ራጂ ውስጥ ይገባል። ከቤት ሲወጡም ትንሽ ብርድ ብርድ ሊል ይገባል። ሞቆት የወጣ ሰው አሥር ደቂቃ ሳይሄድ ያልበዋል፤ ላቡ ሲቀዘቅዝ ነው ጉንፋን ያዘኝ የሚለው። ኮርቻው ላይ ማታ ፌስታል ቢታሰር ጠዋት ውርጭ ላይ ከመቀመጥ ያድናል። ቀትር ላይ በጎሚስታ የተነፋ ጎማ ሌሊት በብርዱ ስለሚለሰልስ ጠዋት በጣት ጫን አድርጎ ማየት ነው። አለቀ። ይህን ለመልመድ አንድ ሳምንት ይበቃል።

ትንፋሽ ያጥራል የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ የደብረ ብርሃን አየር ከባሕር ጠረፍ ይልቅ የሳሳ ነው። ነገር ግን የሳሳ አየር ለብስክሌት መንገድ ይለቃል። ቤልጂጋዊው ኤዲ ሜርክስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 የአንድ ሰዓት የርቀት ክብረ ወሰኑን ለመስበር አገሩን ትቶ ሜክሲኮ ከተማ ድረስ የሄደው ለዚህ ነበር። ሜክሲኮ ከተማ ከደብረ ብርሃን ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ዓለም ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚፈልገውን አየር እኛ ሰበብ አደረግነው።

አሁን ደግሞ ወደ ቆላው እንውረድ።

ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ፣ ካራቆሬ፣ ማጀቴ። እዚህ የብርድ ወሬ የለም፤ ማሽላውና ማሾው የሚበስልበት አገር ነው። ሰበቡ «ፀሐዩ አናት ይበሳል» ነው። ይበሳል። ግን ጥያቄው ከምን ጋር ሲነጻጸር ነው? ገበሬው፣ ተማሪው፣ ቆሎ ሻጯ በዚያው ፀሐይ አንድ ሰዓት በእግር ይሄዳሉ። አምስት ኪሎ ሜትር በእግር አንድ ሰዓት ፀሐይ ነው፤ በብስክሌት ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ፀሐይ የሚፈራ ሰው ከፀሐይ በታች የሚቆይበትን ጊዜ ያሳጥራል እንጂ አያራዝምም። ደግሞስ ያ ደብረ ብርሃን ላይ የምንከስሰው ነፋስ፣ ፔዳል በመርገጥ ብቻ የሚፈጠረው ነፋስ፣ ቆላ ላይ ሰው በገንዘቡ ቢገዛው ደስ የሚለው ነገር አይደለምን? አንዱን ነፋስ ደጋ ላይ ረገምነው፤ ቆላ ላይ ደግሞ የለም አልነው።

ዳገቱን በተመለከተ ይፋት ራሷ የሰጠችው መልስ አለ። በጥንቱ ዘመን ከባሕር ጠረፍና ከአዋሽ በረሃ ጨውና ሸቀጥ ጭኖ የሚመጣው ግመል እስከ ገደሉ ግርጌ፣ እስከ ፋሬና ዓልዩ አምባ አካባቢ ነበር የሚደርሰው። ከዚያ በላይ ያለው አቀበት የአህያና የበቅሎ ነበር። ጭነቱ ይራገፋል፤ ለአጋሰስ ይዛወራል፤ ወደ አንኮበር ይወጣል። አርጎባውም፣ አፋሩም፣ አማራውም ነጋዴ በዚህ ሥርዓት ለዘመናት ነግዷል። አንድም ነጋዴ ተነሥቶ «ግመል አንኮበር አይወጣምና በረሃውንም በእግራችን እንሂደው» አላለም። ለየመሬቱ የየመሬቱን እንስሳ አገኘለት። እኔም ጣርማበርን በብስክሌት ውጡ የሚል ቃል አልወጣኝም። (ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ በብስክሌት የሚያልፉ ጎበዞች ቢኖሩ ይባርካቸው።) የምለው ስለ ሜዳው ነው፤ ስለ ደብረ ብርሃን ሜዳ፣ ስለ ሮቢት ሜዳ። ሁለቱም ከተሞች የተቀመጡት ሜዳ ላይ ነው።

እንግዲህ አህያው ማን ነው?

አህያው ክብራችን ነው። በአገራችን ሰው በምን እንደሚሄድ ማንነቱን ይናገር ነበር። ባላባቱ በቅሎ ላይ ነው፤ በቅሎዋን የሚስብ አሽከር ፊቱ፣ ጠመንጃ የተሸከመ ሎሌ ኋላው ነው። ትልቅ ሰው ብቻውን አይሄድም፤ በራሱ ጉልበትም አይሄድም። ዘመኑ ሲለወጥ በቅሎዋ መኪና ሆነች፤ በቅሎ ሳቢው ሹፌር ሆነ፤ ሐሳቡ ግን አልተለወጠም። ዛሬ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ በቪኤይት ሦስት መቶ ሜትር ተጉዞ ስብሰባ ይገባል። ብስክሌት ይህን ሥርዓት በሙሉ ያፈርሳል። ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው ጌታም ሎሌም ራሱ ነው፤ ጋላቢውም እሱ፣ ተጋላቢውም እሱ። ይህ ነው ዐይን የሚያስፈራው። ውርጩማ ምን በደለ?

ልጆች ሆነን ሁላችንም ወደነዋል። ብስክሌት የሚያከራየው ሰውዬ ዘንድ በሳንቲም ተሰልፈን፣ አንድ ዙር ዞረን፣ ጉልበታችን ተልጦ ተመልሰናል። ከዚያ ፂም ሲያወጣ ሰው ይተወዋል። ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ብስክሌት ላይ ሲታይ «ምን ነካው? ተጣልቶ ነው?» ይባላል። በስፖርት ልብስ ሲሆን ግን እናጨበጭባለን። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልቦርን ኦሊምፒክ የአገራችንን ስም በብስክሌት አስጠርተዋል፤ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ በፊት መሆኑ ነው። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ለእነዚህ ደረታችንን እንነፋለን። ያው ብስክሌት ዳቦና ምሳ ዕቃ ጭኖ ፋብሪካ ሲሄድ ግን እናፍርበታለን።

አንድ ጊዜ ለጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የጥበቃው ሠራተኛ ደግ ሰው ነው፤ እጅ ነሥቶ «ጋሼ፣ ብስክሌት ማስገባት አይቻልም፤ ትእዛዝ ነው» አለኝ። ግቢው ሰፊ ነው፤ አንድ ደርዘን መኪና ቆሟል፤ ለሌላ ደርዘን ቦታ አለ። «የት ላቁመው?» ብለው ወደ አጥሩ ውጭ ወደ ቦዩ አሳየኝ። ጉዳዬን ጨርሼ ስወጣ ብስክሌቱን ራሱ ሰውዬው እየጠበቀልኝ አገኘሁት። በእሱ አልተቀየምኩም። ትእዛዙን ያወጣው ሰው ግን አንድ ብስክሌት የሚይዘውን ቦታ አያውቅም እንዳልል ያውቃል፤ አንድ መኪና በሚቆምበት ስፍራ ስምንትና አሥር ብስክሌት ይቆማል።

ይህ ንቀት በሰዎቹ ልብ ብቻ ቢቀር ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ። ንቀቱ ዋጋ የሚያስከፍለው ግን የሚንቁትን አይደለም። የሚከፍለው በደብረ ብርሃን ዳርቻ ባሉት ፋብሪካዎች በፈረቃ የሚሠራው ወጣት ነው። ቤት የተከራየው በሚረክስበት ጫፍ ነው፤ ሥራው ደግሞ በሌላው ጫፍ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ባጃጅ ከተሳፈረ ከደመወዙ የሚቀረውን እሱ ያውቀዋል። ነዳጅ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሣለት ዋጋው ሲወጣ ኖሯል፤ የባጃጁም ታሪፍ አብሮ ወጥቷል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ደግሞ በአንዳንድ ከተሞች ባጃጅና ሞተር ሲታገድ፣ ሲፈቀድ፣ ዳግም ሲታገድ አይተናል። በታገደ ቀን ከተማው በሙሉ በእግሩ ይወጣል። ነዳጅ የማይጠይቅ፣ ወረፋ የማይሰለፍ ዕቃ የሰው እጅ ውስጥ ቢኖር ኖሮ የዚያን ቀን ምን ያህል ሰው ከሥራው ባልቀረ ነበር!

«ብስክሌቱስ በምን ይገዛል?» የሚለኝ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ አነሣ። አዲስ ብስክሌት ዛሬ ከአንድ የፋብሪካ ሠራተኛ የወር ደመወዝ ይበልጣል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ተወዷል። ነገር ግን ይህ ሕዝብ በዕቁብ ሠርግ የደገሰ፣ በዕቁብ ቤት የሠራ ሕዝብ ነው። አሠሪው በአንድ ጊዜ ገዝቶ ከደመወዝ በየወሩ ቢቆርጥ ደግሞ የባጃጁ ሒሳብ ራሱ ዕዳውን ይከፍለዋል። የጎደለው ብር ብቻ አይደለም።

ሌላው ዋጋ ከፋይ ሴቷ ናት። ገና ሳይነጋ ከቤት የምትወጣ ተማሪ ወይም ሠራተኛ ጨለማውን በእግሯ ታቋርጣለች። ብስክሌት ላይ ብትወጣ ጨለማው ወደ ሩብ ይቀንስላታል። ግን ማን ያስወጣታል? ወንዱን «ተቸገረ» የሚለው አፍ ሴቷን ከዚያ የከፋ ይላታል። ባሕር ዳር ላይ ግን ቀሚስ የለበሰች ልጅ በብስክሌት ስታልፍ ዞሮ የሚያይ አልነበረም። ባሕር ዳር ባጃጅ ሳያጥለቀልቃት በፊት የብስክሌት ከተማ ነበረች፤ ወንድ ሴት፣ አስተማሪ ተማሪ ሳይባል ይነዳባት ነበር። ስለዚህ «የእኛ ባህል አይደለም» የሚለውም አያስኬድም። ባሕር ዳር የማን ናት?

መንግሥትስ ምን አለ? መንግሥት ወረቀት አያጣም። በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። አዲስ አበባም ከ2019 እስከ 2028 የሚል የራሷ አላት። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እየተባለ በተመረጡ እሑዶች ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ሕፃናት በብስክሌት ሲቦርቁ ባለሥልጣናትም አብረው ሲነዱ በቴሌቪዥን አይተናል። መልካም ነው። ሰኞ ግን ያው ብስክሌት የት ሄደ? እሑድ የሚነዳ ብስክሌት ጨዋታ ነው፤ የምፈልገው የሰኞውን ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት በሚባለው ሥራ የብስክሌት መስመር በቀለም ተለይቶ ተሠርቷል፤ ይኸው ሥራ ወደ ክልል ከተሞችም ተዛምቷል። ይህንንም አላጣጥልም። ዳሩ ግን መስመር ማለት ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ሌላ ቦታ የሚያደርስ ነው። ለዐይን ያማረ ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ ድንገት ተቋርጦ ነጂውን የጭነት መኪና አፍ ውስጥ የሚተፋ መስመር ከሌለው ይከፋል፤ አምኖበት የገባውን ነው የሚያጋልጠው።

የጭነት መኪና ካልኩ አይቀር፣ እኔም የምፈራው እሱን ነው። የደሴው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን መሀል ለመሀል፣ ሸዋ ሮቢትንም እንዲሁ ሰንጥቆ ያልፋል። ተሳቢ ያንጠለጠለ መኪና በክንድ ርቀት አልፎ ሲሄድ ነጂውን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ጠዋት በጨለማ ሲሆን ደግሞ ሹፌሩ አያይም። አንዲት እናት ልጄን ብስክሌት አላስነዳም ብትል በዚህ ምክንያት ከሆነ እጅ እነሣለሁ። ግን በስሙ እንጥራው። ይህ ብርድ አይደለም። ይህ ለመኪና ብቻ ተብሎ የተሠራ መንገድ ነው፤ ሠሪውም ታኅሣሥ አይደለም። ብርድ ሰማይ ያመጣው ነውና ማንም አይጠየቅበትም፤ መንገድ ግን በጀት የጸደቀለት፣ ንድፉ የተፈረመበት፣ ርክክብ የተደረገበት ነገር ነው። «ብርዱ ነዋ!» የሚለው መልስ የተወደደው ለዚህ ይመስለኛል። ተጠያቂ የሌለው ምክንያት ሁልጊዜ ይመቻል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ወደ ፋብሪካዎቹና ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው፣ ከመኪናው በድንጋይ ጠርዝ የተለየ መስመር ይሠራ፤ ከከተማው እስከ በሩ ሳይቋረጥ ይድረስ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ፀሐይ መውጫ የመንገድ መብራቱ አይጥፋ። ሸዋ ሮቢትና ማጀቴ ላይ መስመሩ ጥላ ይኑረው፤ የአንጾኪያ ሸለቆ ከ1977ቱ ረኀብ በኋላ ዛፍ ተክሎ ያገገመ አገር ነው፤ ለመንገድ ዳር ዛፍ መትከል አስተማሪ አያሻውም። ፋብሪካው ለሠራተኛው ብስክሌት በዱቤ ይግዛለት። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢም አንድ መኪና የሚቆምበት ስፍራ ተነሥቶ የብረት ዘንግ ይተከልበት፤ ሰንሰለት የሚታሰርበት፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ያለ ተራ የብረት ዘንግ። ብየዳውን ከሠፈሬ ብረታ ብረት ቤት ጠይቄያለሁ፤ ልጆቹ በግማሽ ቀን እንጨርሰዋለን ብለዋል።